የሳንባ ካንሰርን በደም ምርመራ ቀድሞ ማወቅ ይቻላልን? ለሐዋሳ ጠያቂያችን የተሰጠ ምላሽ

የቀረበልኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። አባትዎ የ61 ዓመት ሰው ናቸው፤ በቀን አንድ ፓኬት ያህል ሲጋራ ለ25 ዓመታት ካጨሱ በኋላ ከአራት ዓመት በፊት አቁመዋል። በወጣትነታቸው የሳንባ ቲቢ ይዟቸው ታክመው ድነዋል። አሁን ሦስት ወር የዘለቀ ሳል አለባቸው፤ ልብሳቸው እስኪሰፋቸው ድረስም ከስተዋል። ሐዋሳ በሚገኝ አንድ የግል ላቦራቶሪ «የካንሰር ምርመራ በደም» ተብሎ ሲኢኤ የተባለው ምርመራ ተሠርቶላቸው ውጤቱ 8.4 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ሆኗል። በዚያው ዕለት የተመረመራችሁት እርስዎና እህትዎ ደግሞ ከመደበኛው ልክ በታች በመሆናችሁ «ነፃ ናችሁ» ተብላችኋል። የጠየቁኝ ሦስት ነገር ነው፦ አባትዎ ካንሰር አለባቸው ማለት ነው ወይ፣ እናንተ ልጆቻቸው በየዓመቱ በደም ብትመረመሩ በሽታውን ቀድማችሁ ማወቅ ትችላላችሁ ወይ፣ ካንሰር ሆኖ ቢገኝስ የበሽታውን ክብደት የደሙ ቁጥር ይናገራል ወይ።

ሁሉንም በየተራው አብራራለሁ፤ የመጀመሪያው መልስ ግን እንዳይዘገይ እዚሁ ላይ ልንገርዎት። 8.4 የሚለው ቁጥር አባትዎ ካንሰር እንዳለባቸው አያረጋግጥም፤ ቁጥሩ 2 ቢሆን ኖሮም ከካንሰር ነፃ መሆናቸውን አያረጋግጥም ነበር። በፍጥነት ወደ ሐኪም ሊያስወስዳቸው የሚገባው ሦስት ወር ያልለቀቀው ሳል፣ ክሳቱና የሲጋራው ታሪክ ነው። እነዚህ ሦስቱ በአንድ ሰው ላይ ሲገጣጠሙ የደም ውጤቱ ምንም ይሁን ምን የደረት ሲቲ ስካን ያስፈልጋል። እባክዎ ይህን ምላሽ አንብበው እስኪጨርሱ እንኳ ሳይጠብቁ ቀጠሮ ያስይዙላቸው።

ሲኢኤ በፅንስ ጊዜ በአንጀት አካባቢ በብዛት የሚመረት፣ ከውልደት በኋላ ግን እጅግ የሚቀንስ ፕሮቲን ነው። ጎልድና ፍሪድማን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1965 (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም እንዲሁ እ.ኤ.አ. ናቸው) ካናዳ ሞንትሪያል ውስጥ ከትልቁ አንጀት ካንሰር ለይተው ሲያወጡት፣ ካንሰርን ከአንድ ጠብታ ደም የመለየት ታላቅ ተስፋ አሳድሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ የታየው ግን ፕሮቲኑ የአንድ ካንሰር ብቻ አለመሆኑ፣ አልፎም የካንሰር ብቻ አለመሆኑ ነው። በአንጀት፣ በጨጓራ፣ በቆሽት፣ በጡትና በሳንባ ካንሰር ይጨምራል፤ ጉበት በጠባሳ ሲደድር፣ ቆሽት ሲቆጣ፣ አንጀት ሲቆስል፣ ሳንባ ለረጅም ጊዜ በብግነት ሲጎዳም ይጨምራል። ሲጋራ ማጨስ ብቻውን ከፍ ያደርገዋል፤ ብዙ ላቦራቶሪዎች ለማያጨስ ሰው እስከ 3፣ ለሚያጨስ ሰው እስከ 5 ናኖግራም ድረስ ያለውን እንደ መደበኛ የሚወስዱት ለዚህ ነው። ቁጥሩ በብዙ አሥሮች ወይም በመቶዎች ሲቆጠር ጥርጣሬው በእጅጉ ይጠነክራል፤ 8.4 ግን ካንሰርም ሌላ በሽታም በእኩል ሊያደርሱበት የሚችል መጠን ነው። ከጎረቤት ግቢ ጭስ ሲወጣ ያየ ሰው እንጀራ እየተጋገረም ሊሆን ስለሚችል ቤት ተቃጠለ ብሎ አይጮኽም፤ ይሁን እንጂ ገብቶ ያያል። በአባትዎ ረገድ ገብቶ ማየት ማለት ሲቲ ስካን ማለት ነው።

ሌሎች የሳንባ ካንሰር ባዮማርከሮችም (እንደ ሲኢኤ ተለክተው በሽታን የሚጠቁሙ ምልክቶች) አሉ፤ ምናልባት ላቦራቶሪው «ሙሉ ፓኬጅ» ብሎ ያቀርብላችሁ ይሆናል። ሳይፍራ 21-1 የሚባለው የሴል አጽም ፕሮቲን ስባሪ ሲሆን ይበልጥ ስኳመስ ሴል በተባለው የሳንባ ካንሰር ዓይነት ይጨምራል፤ ኤንኤስኢ የተባለው ኢንዛይምና ፕሮጂአርፒ የተባለው ፕሮቲን ደግሞ ስሞል ሴል ከሚባለው ፈጣን ዓይነት ጋር የተያያዙ ናቸው። ሲኢኤ በአብዛኛው አዴኖካርሲኖማ ከተባለው ሌላ የሳንባ ካንሰር ዓይነት ጋር ይሄዳል። ሁሉም የየራሳቸው ጉድለት አላቸው። ሳይፍራና ፕሮጂአርፒ ኩላሊት ሲደክም ያለ ካንሰር ከፍ ይላሉ። የኤንኤስኢ ችግር ከናሙና አያያዝ ይጀምራል፤ ይህ ኢንዛይም በቀይ የደም ሴሎች ውስጥም ስላለ፣ ደሙ በቀጭን መርፌ በኃይል ሲሳብ፣ ቱቦው ሲናጥ ወይም ሴረሙ (ደሙ ከረጋ በኋላ የሚቀረው ፈሳሽ) ሳይለይ ለሰዓታት ሲቆይ ሴሎቹ ይፈነዱና ቁጥሩን ያንሩታል። ከሐዋሳ ተቀድቶ አዲስ አበባ የሚሠራ ናሙና ከሆነ ሴረሙ ከመላኩ በፊት እዚሁ መለየቱን መጠየቅ ይገባል። ንጹሕ ሴረም ፈዛዛ ቢጫ ነው፤ ወደ ሮዝ ካደላ በዚያ ቱቦ ላይ የተነበበ የኤንኤስኢ ውጤት ሊታመን አይችልም። ውጤቱ በወረቀት ሲደርሰን የቱቦውን ቀለም ስለማናይ ይህን የሚነግረን የላቦራቶሪው ባለሙያ ብቻ ነው።

እነዚህ ባዮማርከሮች በሽታውን ቀድሞ ለማወቅ የማይበቁበት ዋና ምክንያት ግን ከናሙና አያያዝም የጠለቀ ነው። ወርዱ አንድ ሴንቲ ሜትር የሆነ እጢ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሴሎችን የያዘ ቢሆንም ወደ ደም የሚያፈስሰው ፕሮቲን ጥቂት ስለሆነ ጤናማው አካል ከሚያመርተው ተለይቶ አይታይም። በቀዶ ሕክምና ተነቅሎ ሊድን የሚችለውም ያው ትንሹ እጢ ነው፤ ስለዚህ ምርመራው በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ዝም ይላል፣ በሽታው ከተሰራጨ በኋላ ደግሞ ይጮኻል። ይህን በቁጥር እንመልከተው፤ ቁጥሮቹን ለማስረዳት ያህል የወሰድኳቸው ናቸው። ምንም ምልክት የሌላቸው 10,000 የሐዋሳ ነዋሪዎች ተመረመሩ፣ ከእነርሱም 20ዎቹ ጅምር የሳንባ ካንሰር አለባቸው እንበል። ምርመራው ከ100 ታማሚ 40ውን የሚያገኝ፣ ከ100 ጤነኛ ደግሞ 5ቱን በስሕተት «ታማሚ» የሚል ቢሆን፣ ከ20ዎቹ 8ቱ ብቻ ይገኛሉ፤ 12ቱ «ነፃ ናችሁ» ተብለው ወደ ቤታቸው ይሸኛሉ፤ 499 ጤነኞች ደግሞ ካንሰር አለባችሁ ተብለው ይደነግጣሉ። «ከፍ ብሏል» ከተባሉት 507 ሰዎች ውስጥ በእርግጥ የታመሙት 8ቱ ብቻ ናቸው። እኔን ከድንጋጤው ይልቅ የሚያሳስበኝ የ12ቱ ጉዳይ ነው፤ ነፃ ነህ የተባለ ሰው ሳል ሲጀምረው እንኳ ወደ ሐኪም ለመሄድ ይዘገያልና። እርስዎና እህትዎ የተሰጣችሁን ወረቀት በዚህ ዓይን እንድታዩት እለምናለሁ።

ወደ አባትዎ ልመለስ። ሲቲ ስካኑ ጉበትንና ከኩላሊት በላይ ያሉትን አድሬናል ዕጢዎች እንዲያካትት ሐኪሙ በማዘዣው ላይ ቢጽፍ መልካም ነው፤ የሳንባ ካንሰር ቀድሞ ከሚሰራጭባቸው ቦታዎች መካከል ስለሆኑ አንዱ ምርመራ ሁለት ሥራ ይሠራል። ምስሉን የሚያጎላ መድኃኒት በደም ሥር ተሰጥቶ የሚነሣ ከሆነ አስቀድሞ የኩላሊት ምርመራ ይታዘዛል። ጎን ለጎን ጂን ኤክስፐርት የተባለው፣ የቲቢን ጀርም በአክታ ውስጥ የሚፈልገው ምርመራ መደረግ አለበት፤ ቲቢ በሰፊው ባለበት አገር ሳልና ክሳት ይዞ የመጣ ሰው ቲቢ የለበትም ሊባል የሚችለው ከተመረመረ በኋላ ነው። የተገላቢጦሹም እንዳይረሳ አደራ እላለሁ። አክታ ውስጥ ጀርሙ ሳይገኝ፣ ራጅ ላይ በታየ ጥላ ብቻ ተመርኩዞ የቲቢ መድኃኒት ተጀምሮላቸው ወራት ካለፉ በኋላ ጥላው ካንሰር ሆኖ የሚገኝባቸው ሕሙማን ያጋጥሙናል። በተለይ ቀድሞ ቲቢ ታሞ የነበረ ሰው «የድሮው ተመለሰበት» መባሉ ቀላል ነው። ጀርሙ ባልተረጋገጠበት ሁኔታ ሕክምና ተጀምሮ በሁለት ወር ውስጥ ሳሉ ካልቀነሰ፣ ክብደቱ ካልተመለሰና ጥላው ካልጠበበ መድኃኒቱን መቀጠል ብቻውን በቂ አይደለም፤ ጥላው ምን እንደሆነ በናሙና መጣራት አለበት።

የድሮ ራጅ ወይም ሲቲ ፊልም ቤት ውስጥ ካለ ፈልገው ይዘው ይሂዱ። ቲቢ የተወው ጠባሳ ለዓመታት ሳይለወጥ ይቀመጣል፤ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ መጠኑ ያልተለወጠ ጠጣር ጉብታ በአብዛኛው ካንሰር አይደለም፤ ባለፈው ፊልም ላይ ያልነበረ ወይም በወራት ውስጥ ያደገ ጉብታ ግን ናሙና ይፈልጋል። የዕድገቱ ፍጥነት ራሱ አንድ ባዮማርከር ነው ብል አላጋነንኩም፤ በኔዘርላንድስና በቤልጅየም በተካሄደው ኔልሰን በተባለው ጥናት መጠኑ ከ400 ቀን ባነሰ ጊዜ ውስጥ በእጥፍ የሚያድግ ጉብታ እንደ አጠራጣሪ ተቆጥሯል። አንድ አሮጌ ፊልም ከሦስት አዳዲስ የደም ምርመራዎች የበለጠ የሚያስረዳበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሲቲው አጠራጣሪ እጢ ካሳየ ቀጣዩ እርምጃ ናሙና መውሰድ ነው፤ ከመሐል ሳንባ ከሆነ በብሮንኮስኮፒ (በአየር ቧንቧ በሚገባ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ)፣ ከዳር ከሆነ በሲቲ እየታየ በመርፌ፣ በሳንባ ዙሪያ ውኃ ቋጥሮ ከሆነ ደግሞ ከውኃው። ለዚህ ሲባል ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ሊጻፍላቸው ይችላል። እዚህ ላይ ቤተሰብ ሊያውቀው የሚገባ ነገር ስላለ ትንሽ ልዘርዝር። ከመርፌ የሚወጣው ቁራጭ ከክር ያልወፈረ፣ ርዝመቱ ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር የሆነ ነው። ወዲያውኑ 10 በመቶ ፎርማሊን በተባለው ማቆያ ፈሳሽ ውስጥ መግባት አለበት፤ በተራ ውኃ ወይም በግሉኮስ ጠርሙስ ውስጥ ከተቀመጠ ሴሎቹ ይበላሻሉ፤ ፎርማሊን ውስጥ ለብዙ ቀናት ከቆየ ደግሞ ዲኤንኤው ይሰባበራል። ፓቶሎጂስቱ ቁራጩን በሰም ውስጥ አስቀምጦ ብሎክ ያደርገዋል፤ ከብሎኩ እየተላጠ ስላይድ ይሠራል። በመጀመሪያ ካንሰር መሆን አለመሆኑ፣ ቀጥሎም ቲቲኤፍ-1ና ፒ40 በሚባሉ ማቅለሚያዎች ዓይነቱ ይለያል። እያንዳንዱ ማቅለሚያ ከዚያች ቀጭን ቁራጭ ይቀንሳል፤ አላስፈላጊ ማቅለሚያ ከበዛባት ለዘረ-መል ምርመራ የሚተርፍ ነገር አይኖርም፤ ሕመምተኛውም በድጋሚ በመርፌ ይወጋል። ስለዚህ ናሙናው ሲወሰድ «ለዘረ-መል ምርመራ የሚሆን እንዲቀመጥልን» ብሎ መናገር፣ ሆስፒታል ሲቀየርም ሪፖርቱን ብቻ ሳይሆን ብሎኩንና ስላይዶቹን ተረክቦ መሄድ የቤተሰብ መብት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄዎ በየዓመቱ በደም ስለመመርመር ነበር። ምልክት በሌለው ሰው ላይ የሳንባ ካንሰር ሞትን እንደሚቀንስ በትላልቅ ጥናቶች የተረጋገጠው ልየታ በአነስተኛ ጨረር የሚነሣ ሲቲ ስካን ነው። በአሜሪካ ከ53,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበትና ውጤቱ በ2011 የወጣው ጥናት በሲቲ በተለዩት ዘንድ በሳንባ ካንሰር የሚደርሰው ሞት በራጅ ከተለዩት ይልቅ በ20 በመቶ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። በዚያው ጥናት ላይ ግን ሲቲው አጠራጣሪ ነገር አሳይቷል ከተባለባቸው 100 ውጤቶች 96ቱ ካንሰር ሆነው አልተገኙም። የቲቢ ጠባሳ በብዙ ሰው ሳንባ ላይ ባለበት በእኛ አገር ይህ የተሳሳተ ማስጠንቀቂያ ከዚያም ሊበዛ እንደሚችል መገመት አያስቸግርም። ይህ ልየታ የሚመከረውም ለሁሉም ሰው አይደለም፤ በአሜሪካ ከ2021 ወዲህ ያለው መመሪያ ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 80 የሆኑ፣ በቀን አንድ ፓኬት ለ20 ዓመት ያህል ያጨሱ፣ እስካሁንም የሚያጨሱ ወይም ካቆሙ 15 ዓመት ያልሞላቸውን ይመለከታል። አባትዎ መስፈርቱን ያሟላሉ፤ ሆኖም የሕመም ምልክት ስላላቸው የሚያስፈልጋቸው ልየታ ሳይሆን ሙሉ ምርመራ ነው። እርስዎና እህትዎ አጭሳችሁ የማታውቁና በዕድሜም ወጣት ከሆናችሁ ሲቲውም ደሙም በየዓመቱ አያስፈልጋችሁም።

አዳዲሶቹ የደም ምርመራዎች ከሲኢኤ የተሻሉ ናቸው፤ በዘርፉ ያለው ሥራም እጅግ ተስፋ ሰጪ ነው። አንደኛው መንገድ ሰውነት በካንሰር ፕሮቲኖች ላይ የሚያመርታቸውን ፀረ-እንግዳ አካላት መፈለግ ነው። በስኮትላንድ 12,208 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት ሰባት ፀረ-እንግዳ አካላት ተለክተው ውጤቱ ከፍ ያለባቸው በሲቲ ሲከታተሉ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ዘግይቶ የተገኘ የሳንባ ካንሰር በ36 በመቶ ቀንሷል፤ በሞት ላይ የጎላ ልዩነት ግን አልታየም። ሌላው መንገድ ከካንሰር ሴሎች ወደ ደም የሚፈስሰውን ዲኤንኤና በላዩ ላይ ያሉትን ኬሚካላዊ ምልክቶች ማንበብ ነው። ጋለሪ የተባለው ምርመራ በ2021 በወጣው ጥናት ከጤነኞች ውስጥ በስሕተት «ካንሰር» ያለው ከ200 አንድ ሰው ያህል ብቻ ነው፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የሁሉም ዓይነት ካንሰር ተደምሮ በደረጃ 4 (ወደ ሩቅ አካል በተሰራጨው) ከ100 ታማሚ 90ውን ሲያገኝ በደረጃ 1 (ገና ባልተሰራጨው) ያገኘው 17ቱን ያህል ነው። ትንሹ እጢ ወደ ደም የሚያፈስሰው ጥቂት ነው ያልኩት እዚህም እንደገና ይታያል። እነዚህ ምርመራዎች ወደፊት ምናልባት የሚጠቅሙት ሲቲን ተክተው ሳይሆን ማን ሲቲ እንደሚያስፈልገው፣ በሲቲ የታየው የትኛው ጉብታ ናሙና እንደሚፈልግ በመለየት ይመስለኛል።

በየዓመቱ ለደም ምርመራ ልታወጡት ያሰባችሁትን ገንዘብ ለሳንባችሁ ማዋል ከፈለጋችሁ ቤት ውስጥ ያለውን ጭስ ቀንሱበት። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ከእንጨትና ከመሰል ማገዶ የሚወጣውን የቤት ውስጥ ጭስ ካንሰር ሳያስከትሉ አይቀሩም ከሚባሉት ተርታ አስቀምጦታል። እናትዎ በተዘጋ ማድ ቤት በእንጨት የሚጋግሩ ከሆነ በኤሌክትሪክ ምጣድ መተካት፣ ይህ ካልተቻለም የጭስ መውጫ ማበጀት ጥቅሙ የዛሬ ነው። በቤቱ የሚያጨስ ሰው ካለም ውጭ እንዲያጨስ ሳይሆን እንዲያቆም ይታገዝ።

የመጨረሻው ጥያቄዎ የበሽታውን አካሄድ ይመለከታል፤ ባዮማርከሮች እውነተኛ ቦታቸውን የሚያገኙትም እዚህ ነው። ከሁሉ በላይ የሚወስነው ግን አሁንም ደረጃው፣ ማለትም እጢው ምን ያህል እንዳደገና እንደተሰራጨ ነው። በብዛት ከእስያና ከአውሮፓ በተሰበሰበው ዓለም አቀፍ መረጃ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ያልበለጠና ያልተሰራጨ እጢ የተገኘባቸው ሰዎች ከ100 ውስጥ 92 ያህሉ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ሲኖሩ፣ ወደ ሌላ አካል ከተሰራጨ በኋላ ከተገኘባቸው ግን ያን ያህል የሚኖሩት ከ100 ውስጥ ከ10 አይበልጡም። ከደረጃው ቀጥሎ ሰውየው ራሱን ችሎ መንቀሳቀሱና ክብደቱን መጠበቁ ይመጣል፤ አባትዎ በደንብ እንዲመገቡ ማገዝ ከሕክምናው ተለይቶ የሚታይ አይደለም። ከሕክምና በፊት ሲኢኤ ወይም ሳይፍራ በጣም ከፍ ማለቱ፣ በስሞል ሴል ደግሞ ኤልዲኤች የተባለው የደም ኢንዛይምና ኤንኤስኢ መጨመራቸው የበሽታውን መክበድ ያመለክታሉ፤ ለአንድ ሰው ግን ይህን ያህል ጊዜ ይኖራል ብሎ ለመናገር አያበቁም። ይበልጥ የሚጠቅሙት በክትትል ነው። ከቀዶ ሕክምና በፊት ከፍ ያለ ሲኢኤ በሳምንታት ውስጥ ወደ መደበኛው መውረድ አለበት፤ ወርዶ እንደገና በተከታታይ ቢወጣ ማገርሸቱን ያስጠረጥራል። ክትትሉ ሁልጊዜ በአንድ ላቦራቶሪና በአንድ ዓይነት ማሽን መሆን ይኖርበታል፤ የአንዱ ማሽን 6 ከሌላው 8 ጋር ሊነጻጸር አይችልምና።

ስሞል ሴል ያልሆነው፣ በተለይ አዴኖካርሲኖማ የሆነው ዓይነት ከሆነ ሕክምናውን የሚወስኑት ከብሎኩ የሚነበቡት ባዮማርከሮች ናቸው። በ2004 ኢጂኤፍአር በተባለው ዘረ-መል፣ በ2007 ኤኤልኬ በተባለው ዘረ-መል ላይ የሚደርሱት ለውጦች ከታወቁ ወዲህ ለእነዚህ ሕሙማን በአፍ የሚዋጥ መድኃኒት ተገኝቶላቸዋል። የኢጂኤፍአር ለውጥ ያለባቸውና በሽታው የተሰራጨባቸው ሕሙማን ኦሲመርቲኒብ የተባለውን እንክብል ሲወስዱ ግማሾቹ ከሦስት ዓመት በላይ መኖራቸው በጥናት ታይቷል። እነዚህ ለውጦች ባላጨሱ ሰዎች ላይ በርከት ብለው ስለሚገኙ «አጭሳ አታውቅም፣ ካንሰር አይሆንም» ማለት እንደማይቻልም ያስተምሩናል። ፒዲ-ኤል1 የተባለው ፕሮቲን በ50 በመቶና ከዚያ በላይ በሆኑ የካንሰር ሴሎች ላይ ሲገኝ ደግሞ ኢሚዩኖቴራፒ (የሰውነትን መከላከያ በካንሰሩ ላይ የሚያነሣሣ መድኃኒት) ብቻውን ከኬሞ የተሻለ ውጤት አሳይቷል፤ በአንድ ታዋቂ ጥናት አምስት ዓመት የኖሩት በኢሚዩኖቴራፒ ከጀመሩት ከ100 ወደ 32፣ በኬሞ ከጀመሩት ወደ 16 ነበሩ። ቁራጩ ካነሰ የኢጂኤፍአርን ለውጥ ከደም መፈለግ ይቻላል፤ ለዚህ የሚሆን የደም ምርመራ በአሜሪካ በ2016 ተፈቅዷል። ከደም ለውጡ ካልተገኘ ግን የለም ማለት አይደለም።

በገንዘብ ረገድ ግልጽ ልሁንልዎ። የዘረ-መል ምርመራው ውድ ነው፤ መድኃኒቱ ከዚያም ይበልጥ ውድ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ሲቲ ስካንና አክታ፣ ከዚያ ናሙና፣ ከዚያ ደረጃውን መወሰን ይሁን። እጢው በቀዶ ሕክምና የሚወጣ ከሆነ ለእርሱ ቅድሚያ ይሰጥ። በሽታው የተሰራጨ ከሆነ ለዘረ-መል ምርመራ ከመክፈልዎ በፊት የካንሰር ሐኪሙን «ለውጡ ቢገኝ መድኃኒቱን ከየት፣ በስንት፣ ለምን ያህል ጊዜ እናገኘዋለን?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱ በእጅዎ ሳይኖር ጥሪትዎን በምርመራው ላይ አይጨርሱ። እስከዚያው ድረስ አባትዎ ደም የቀላቀለ አክታ ካወጡ፣ ድምፃቸው ከሰለለ፣ ፊታቸውና አንገታቸው ካበጠ ወይም ተቀምጠው እያሉ ትንፋሽ ካጠራቸው ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ዕለት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው።